ድመት የምታውቀው ቤቱን ነው ወይስ ባለቤቱን?



የዛሬው ርዕሳችን ከብዙዎቻችን ቤት የማትጠፋውን ድመትን ይመለከታል።

ስለ ድመት በየመንደሩ የሚነገር አንድ አባባል አለ። «ውሻ ባለቤቱን ይወዳል፤ ድመት ግን ቤቱን እንጂ ሰውን አታውቅም» ይባላል። አባባሉ ከወሬ አልፎ ተግባር ላይ ሲውልም እናያለን። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር ዕቃው አንድ ሳይቀር ይጫናል፤ ድመቷ ግን «ቤቷ እዚሁ ነው» ተብላ ትቀራለች። ሌላው ደግሞ ስታስቸግረው በጆንያ ከትቶ ራቅ ካለ ገበያ ጥሏት ይመለሳል። ለመሆኑ አባባሉ እውነት ነውን? መልሱ በአላህ ፊት የሚያስጠይቅ ኃላፊነት አለበትና እስቲ አብረን እንመልከት።

በዙሪያችን የምትመላለስ

ታላቁ ሶሐባ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዉዱእ ሊያደርጉ ሲሉ የልጃቸው ሚስት ከብሻ ውሃ አቀረቡላቸው። በዚህ መካከል አንዲት ድመት ልትጠጣ መጣች። አቡ ቀታዳም ጠጥታ እስክትጨርስ ዕቃውን አዘነበሉላት። ከብሻ ተገርመው ሲመለከቷቸው፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ ይልቁንም በእኛ ዙሪያ ከሚመላለሱት መሆኗን እንደተናገሩ አስረዷቸው። ሐዲሱን አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል።

እዚህ ላይ «ጠዋፊን» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ካዕባን ስንዞር «ጠዋፍ» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። በሱረቱ-ን-ኑር አንቀጽ 58 ላይም በቤት ውስጥ ስለሚያገለግሉና ለአቅመ አዳም ስላልደረሱ ልጆች ሲነገር ከዚሁ ሥር የመጣ ቃል ተጠቅሷል። ዑለማዎችም ድመት በቤት ውስጥ ከሚገቡትና ከሚወጡት ጋር እንደተመሳሰለች ከዚህ ይረዳሉ። ስለዚህ ድመት በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለችም።

በነገራችን ላይ፣ «ሙዕዛ» ስለምትባል የነቢዩ ድመትና ስለ ተቆረጠው እጅጌ በሰፊው የሚወራው ታሪክ በታወቁት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። የተረጋገጠው ይበቃናል።

ሳይንሱስ ምን ይላል?

ሕፃን ከእናቱ ጋር ያለውን ቁርኝት ለማወቅ የሚያገለግል አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ዘዴውን የቀየሱት ሜሪ ኤይንስወርዝ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው፤ እኚህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየተመለከቱ አጥንተዋል። በዘዴው መሠረት እናት ሕፃኗን በማያውቀው ክፍል ለአጭር ጊዜ ትታው ወጥታ ትመለሳለች። ቁም ነገሩ እናቱ ስትወጣ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገው ነው። እናቱን መጠጊያው ያደረገ ሕፃን ወደ እሷ ቀርቦ ይረጋጋና ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሙከራ በድመቶች ላይ ያደረጉትን ውጤት አሳተሙ። ድመቷ በማታውቀው ክፍል ውስጥ 2 ደቂቃ ከአሳዳጊዋ ጋር፣ 2 ደቂቃ ብቻዋን፣ ከዚያም እንደገና 2 ደቂቃ ከአሳዳጊዋ ጋር ትቆያለች። ከተመደቡት 70 ግልገሎች ከመቶ 64 ያህሉ፣ ከ38 ትልልቅ ድመቶች ደግሞ ከመቶ 66 ያህሉ አሳዳጊያቸው ሲመለስ ተረጋግተው ክፍሉን መቃኘት ቀጠሉ። ከቀሩት መካከል አንዳንዶቹ አሳዳጊያቸው ላይ ሙጭጭ አሉ፤ ሌሎቹም ራቁት። በሰው ሕፃናት ላይ የሚታወቀው ቁጥርም ከመቶ 65 አካባቢ ነው።

ሆኖም ምሁራን ሁሉ በአንድ ቃል አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር በሊንከን ዩኒቨርሲቲ በ20 ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ትልቅ ድመት ለደኅንነቷ ሰውን መጠጊያ እንደምታደርግ የሚያሳይ ምልክት አላገኘም። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ውሻ በመንጋ ከሚኖር የተኩላ ዘር የመጣ ነው፤ ድመት ግን ብቻዋን አድና ከምትበላ የአፍሪካ የዱር ድመት የመጣች ናት። ስለዚህ ፍቅሯን እንደ ውሻ እየዘለለች አትገልጽም።

በጃፓን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ተመራማሪዎች የእንግዶችንና የባለቤቷን ድምፅ፣ ሰዎቹ ሳይታዩ፣ ለ20 ድመቶች አሰሙ። ድመቶቹ ጆሯቸውንና ራሳቸውን በማንቀሳቀስ የባለቤታቸውን ድምፅ ከእንግዳ ድምፅ እንደሚለዩ አሳዩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ከቦታቸው አልተነሡም። በመሆኑም ስንጠራት ዝም ማለቷ አታውቀንም ማለት አይደለም!

ምልክቶቿን እንወቅ

ከውጭ ስንገባ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ እኛ መምጣቷ ሰላምታ ነው። እግራችንን የምትታከከው በጉንጯና በጎኗ ያለውን የራሷን ጠረን በእኛ ላይ ለማኖር ነው፤ በዚህም ከምታውቃቸው ትቆጥረናለች። ጭናችን ላይ ሆና በፊት እግሮቿ የምትጫነን ግልገል ሳለች ጡት ስትጠባ ታደርገው የነበረውን ስትደግም ነው። ትልልቅ ድመቶች እርስ በርሳቸው ብዙም «ሚያው» አይባባሉም፤ ይህ ድምፅ በአብዛኛው ለሰው ነው። እንዲሁም ዓይኗን ቀስ አድርጋ ስትጨፍንልን በተመሳሳይ ብንመልስላት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ላደረገ ሰው ድመቶች አጸፋውን እንደሚመልሱና ወደ እሱ መቅረብ እንደሚቀላቸው አሳይቷል።

ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ድመት ቤቱንም ባለቤቱንም ታውቃለች ማለት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዲት ሴት ድመትን አስራ በማቆየቷ ምክንያት መቀጣቷ ተነግሮናል። ሴትየዋ አላበላቻትም፤ ራሷ ከምድር ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷን የማሳደግ ግዴታ አልነበረባትም፤ ነገር ግን አንዴ በእጇ ካስገባቻት ተጠያቂ ሆነች። በጆንያ ተጥላ የቀረች ድመትስ? የምታውቀው ሰፈርም ሰውም በአንድ ቀን ይጠፋባታል።

ስለዚህ፦

• ግልገሎች ከሰው ጋር በደንብ የሚለማመዱት ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልጆቻችን በዚህ ወቅት በእርጋታ ይንኳቸው፤ ጅራት መጎተትና ማስጨነቅ ይከልከሉ። ግልገሏንም ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አንለያት።
• ቤት ስንቀይር አየር በሚገባበት ካርቶን ይዘናት እንሂድ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ወደ ውጭ ሳትወጣ ትቆይ፤ የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ ሳናጥብ አብረን እናኑርላት። የለመደችው ጠረን ያረጋጋታል።
• ማሳደግ ካልቻልን የሚንከባከባት ሰው ፈልገን በእጁ እናስረክብ።
• የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና እናስከትባት። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ አጥቦ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን እዝነትን ከሚማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ከምድጃው ዳር የምትተኛዋ ይህች ፍጡር ናት። መናገር የማትችለውን ስናበላና ስንጠብቅ ያዩናል፤ ስንጥላትም ያዩናል።

አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን።