የኮኮናት ዘይት ለፀጉር፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው በደጀን ከተማ፣ እንደ ብቸናና እንደ ሞጣም ሁሉ፣ የፀጉር ቅባት ሲባል ከጥንት ጀምሮ በቅድሚያ የሚታሰበው ቅቤ ነው። ለበዓልና ለሠርግ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፤ መዓዛው እንዲያምርም ከአደስ ጋር ይለወሳል። ዛሬ ደግሞ ከውጭ አገር የሚገባው የኮኮናት ዘይት ከቅቤው ጎን ተሰልፏል።

ስለዚህ ዘይት የሚሰጠው ምስክርነት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ ፀጉሯን እንዳለሰለሰላት ስትናገር፣ ሌላዋ እንዳደረቀባት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ፎረፎሯን እንዳባሰባት ትገልጻለች። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልዩነቱን ምክንያት ማስረዳትና፣ ከሁሉም በላይ፣ ቅባት ሊያድናቸው የማይችሉ የራስ ቆዳ ሕመሞችን ማስገንዘብ ነው።

የፀጉር አፈጣጠር

ፀጉር ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው በቆዳ ውስጥ የተቀበረው ሥር ነው። ሕይወት ያለው፣ ደም የሚደርሰውና ፀጉሩን የሚያበቅለው ይህ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከቆዳ በላይ የሚታየው ዘንግ ሲሆን፣ ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሕይወት አልባ አካል ነው። ፀጉር ሲቆረጥ የማያመውም ለዚህ ነው። የዘንጉ ላይኛ ክፍል እንደ ሣር ክዳን ተደራርበው በተነጠፉ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ተደጋጋሚ እጥበት፣ ኃይለኛ ማበጠር፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካልና ከፍተኛ ሙቀት እነዚህን ቅርፊቶች ያነሷቸዋል፤ ያን ጊዜ ፀጉሩ ይሻክራል፤ ይሰበራልም።

የራስ ቆዳ የተፈጥሮ ወዝ ያመነጫል። ይሁን እንጂ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ወዙ ከሥር እስከ ጫፍ በቀላሉ አይጓዝም። ስለዚህ የብዙ ኢትዮጵያውያን ፀጉር ወደ ጫፉ ደረቅ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። እናቶቻችን ፀጉርን በቅቤ ማለስለሳቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ምክንያት ያለው ልማድ ነው።

በአንድ ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር ይገኛል። ከዚህ ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆነው ቢረግፍ ተፈጥሯዊ ነው። ፀጉር በወር የሚያድገውም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

የኮኮናት ዘይት ምንነትና ጥቅሙ

የኮኮናት ዘይት በሞቃታማ የባሕር ዳርቻ አገሮች ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ፍሬ ይጨመቃል። ከያዘው ቅባት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ አሲድ የተባለው ነው። የዚህ አሲድ ሞለኪውል አነስተኛና ቀጥ ያለ ከመሆኑም በላይ ከፀጉር ፕሮቲን ጋር ይስማማል፤ ስለሆነም ወደ ዘንጉ ውስጥ ዘልቆ ሊገባ ይችላል። ፀጉር በታጠበ ቁጥር ውኃ ይመጥጥና ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። ይህ መፈራረቅ ቅርፊቶቹን እያላላ ፕሮቲኑ እንዲሸረሸር ያደርጋል። ወደ ውስጥ የገባው ዘይት የሚመጠጠውን ውኃ ስለሚቀንስ ጉዳቱም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሕንድ አገር ተመራማሪዎች ሬሌና ሞሂሌ የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይቶችን አወዳድረው ባሳተሙት ጥናት፣ ጉዳት በደረሰበትም ሆነ ባልደረሰበት ፀጉር ላይ የፕሮቲን ብክነትን በጉልህ የቀነሰው የኮኮናት ዘይት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም አንባቢ ሁለት ነገሮችን ልብ ሊል ይገባል። በመጀመሪያ፣ ተመራማሪዎቹ “ፓራሹት” የተባለውን የኮኮናት ዘይት የሚያመርተው የማሪኮ ኩባንያ ባልደረቦች ነበሩ። በሁለተኛ ደረጃ፣ የተለካው የዘንጉ የፕሮቲን ብክነት እንጂ የፀጉር ማደግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮኮናት፣ የጉሎና የአርጋን ዘይቶችን በተመለከተ የታተመ የጥናቶች ዳሰሳም፣ የኮኮናት ዘይት በቀላሉ ለሚሰበር ፀጉር ሊጠቅም እንደሚችል፣ ፀጉር ያሳድጋል ለሚለው ግን ማስረጃው ደካማ መሆኑን አመልክቷል።

በአጭሩ ዘይቱ የሚሠራው በዘንጉ ላይ ነው። ፀጉር “ረዘመልኝ” የሚባለውም በአብዛኛው ጫፉ መሰበሩን ስለቀነሰ የበቀለው ሳይጠፋ በመቆየቱ ነው።

የረጋ ዘይት የተበላሸ ነውን?

የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው በ24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ደጀን፣ በተለይ ጠዋትና ማታ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ መርጋቱ አይቀርም። ያው ጠርሙስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተጉዞ አባይ ድልድይ ሲደርስ በበረሃው ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ መርጋቱ ባዕድ ነገር እንደተቀላቀለበት ወይም እንደተበላሸ አያመለክትም። እንዲያውም “የኮኮናት የፀጉር ዘይት” ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ የማዕድን ዘይትና ሽቶ የተጨመረባቸው ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ይገባል።

ውጤቱ ከሰው ሰው ለምን ይለያያል?

አንደኛው ምክንያት የፀጉሩ ዓይነት ነው። በማለስለሻ ኬሚካል ወይም በቀለም የተጎዳ ፀጉር ቅርፊቱ የተከፈተ ስለሆነ ዘይቱን በቀላሉ ይቀበላል። ቅርፊቱ የተዘጋ ወይም ቀጭን ፀጉር ግን ዘይቱ ላዩ ላይ ስለሚቀርበት ይከብዳል፣ ይጣበቃል፣ ሲነካም ደረቅ ሊመስል ይችላል።

ሁለተኛው አጠቃቀሙ ነው። ዘይት ውኃ አይደለም። ከታጠበ በኋላ እርጥበት ባለው ፀጉር ላይ በስሱ ሲቀባ እርጥበቱን ያቆየዋል። ለቀናት ውኃ ባልነካው ደረቅ ፀጉር ላይ ሲደራረብ ግን አቧራ ከመያዝ አልፎ ድርቀቱን አያስወግድም። “አደረቀብኝ” የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ሦስተኛው የቆዳው ሁኔታ ነው። ፎረፎርን ከሚያባብሱት ነገሮች ዋነኛው በሁሉም ሰው የራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ማላሴዝያ የተባለ ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። ስለዚህ ፎረፎር ያለበት ሰው የራስ ቆዳውን በኮኮናት ዘይት ወይም በቅቤ ሲያሽ ቅርፊቱ ለጊዜው ስለሚርስ የዳነ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ፈንገሱ ሲራባ ማሳከኩ ተመልሶ ይመጣል። እንዲሁም ወደ ግንባር የሚወርድ ቅባት የቆዳ ቀዳዳዎችን እየደፈነ ብጉር ሊያስከትል ይችላል።

ቅቤና ሌሎች የአገር ቅባቶች

ቅቤ ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ቅባት፣ የቀረው አብዛኛው ውኃ ሲሆን ጥቂት የወተት ፕሮቲንም አለበት። የላውሪክ አሲድ መጠኑ ከኮኮናት ዘይት እጅግ ያነሰ በመሆኑ ጥቅሙ በይበልጥ የዘንጉን ላይ ሸፍኖ ማለስለስ ነው። ውኃና ፕሮቲን ስላለበት ቶሎ ይሻግታል። ካልተፈላ ወተት የተናጠ ከሆነም ጀርሞች ሊኖሩበት ስለሚችሉ በቁስል ወይም በቃጠሎ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በጎጃም በስፋት የሚመረተው ኑግ ዘይቱ እንደ ሱፍ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። የጉሎ ዘይት ደግሞ እጅግ ወፍራምና የሚያጣብቅ በመሆኑ በብዛት ሲቀባ ፀጉርን ሊያቆላልፍ ይችላል። ለጤናማ የራስ ቆዳ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ የአቅምና የፍላጎት ጉዳይ ነው። ከውጭ የመጣውን መግዛት ያልቻለች እናት የጎደለባት ነገር አለ ብላ ልትጨነቅ አይገባም።

ቅባት የማያድናቸው ሕመሞች

ቆረቆር፦ በተለይ ለትምህርት በደረሱ ሕፃናት ላይ የሚታይ በፈንገስ የሚመጣ ሕመም ነው። ፀጉሩ በክብ በክብ ይሰበራል፤ ቆዳው ይቀረፋል፤ ያሳክካል። በሚዶ፣ በምላጭ፣ በቆብና በሻሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከጥጃና ከድመትም ሊመጣ ይችላል። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥርና ዘንግ ውስጥ ስለሚገኝ ዘይትም ሆነ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚታዘዘው ግሪሲዮፉልቪን በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። መድኃኒቱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ለሚወስድ ሕፃን ቅቤው ከአናቱ ይልቅ በምግቡ ውስጥ ቢገባ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ለሚጾም ልጅ ደግሞ የኑግ ዘይት ወይም ለውዝ ያለበት ምግብ ሊተካው ይችላል። ቆረቆር በቅባት እየተሸፈነ ለወራት ሲቆይ አንዳንዴ ያብጣል፣ መግልም ይይዛል። ይህ ሲሆን ሥሩ በጠባሳ ሊተካና ፀጉሩ በዚያ ቦታ ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል። በወቅቱ ቢታከም ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠባሳ ይድናል።

ላሽ፦ ፀጉር በድንገት በክብ ቅርጽ ረግፎ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ የሚቀርበት ሕመም ነው። የሰውነት የመከላከያ ኃይል የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ስለሆነ አይተላለፍም። ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረትም አያስፈልግም።

በመጎተት የሚመጣ መመለጥ፦ አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ይነቅላል። ከተሠራ በኋላ ሕመም ወይም ትንንሽ እብጠት መኖሩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ቀድሞ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል።

ከወሊድና ከከባድ ሕመም በኋላ የሚመጣ መርገፍ፦ ከወለዱ ከ2 እስከ 4 ወራት በኋላ፣ እንዲሁም እንደ ወባና ታይፎይድ ካሉ ትኩሳቶች በኋላ ፀጉር በብዛት ሊረግፍ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። በዚያው ሰሞን የተጀመረ ዘይት ምስጋናውን የሚወስደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሕፃን እርግብግቢት፦ በጨቅላ ሕፃን እርግብግቢት ላይ ቅቤ ማድረግ የተለመደ ነው። ነገር ግን የእርግብግቢት መጎድጎድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ባለበት ሕፃን ላይ የፈሳሽ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። ማበጡ ደግሞ፣ በተለይ ትኩሳት ካለ፣ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቅቤ የማያክማቸው፣ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ሁኔታዎች ናቸው።

የአጠቃቀም ምክር

1. ከመቀባት በፊት የራስ ቆዳን በብርሃን መመልከት። ቁስል፣ ቅርፊት ወይም የተመለጠ ቦታ ካለ ቅባቱን ትቶ መመርመር ይሻላል።
2. ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ዘይት በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ቀብቶ ለሁለት ቀን መጠባበቅ።
3. ዘይቱን ከመታጠብ ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ በትንሽ መጠን፣ ከፀጉሩ መካከል እስከ ጫፍ መቀባት፤ ከዚያም በሻምፖ ማጠብ።
4. ፎረፎር ወይም ብጉር ያለበት ሰው የራስ ቆዳውንና ግንባሩን አለማስነካት።
5. ዘይት በተቀባ ፀጉር ላይ ፒያስትራ አለመጠቀም። የጋለ ዘይት ፀጉርንም ቆዳንም ያቃጥላል።
6. ሚዶ፣ ሻሽና ቆብ በጋራ አለመጠቀም፤ ለመላጨትም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ መጠቀም።

ማሳከክ፣ መቅላት ወይም እብጠት ከታየ ዘይቱን ማቆም ይገባል። በልጅ ራስ ላይ የተመለጠ ቦታ ሲታይ፣ የራስ ቆዳ ሲመግል ወይም የፀጉር መርገፍ ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ደግሞ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የኮኮናት ዘይት የፀጉርን ዘንግ ከመሰበር ሊጠብቅ የሚችል ጠቃሚ ቅባት ነው፤ የፀጉር ሥርን የሚያክም መድኃኒት ግን አይደለም። በጤናማ የራስ ቆዳ ላይ በልክ ለሚጠቀም ሰው ብዙ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ሊያሳስብ የሚገባው ሕመም በቅባት ተሸፍኖ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በተለይ ቆረቆር የያዘው ሕፃን በሳምንታት ሕክምና መዳን ሲችል ዕድሜ ልኩን የሚቆይ ጠባሳ እንዳይተርፈው፣ ወላጆችና መምህራን የልጆችን ራስ በየጊዜው ቢመለከቱ መልካም ነው።