ሥራ የፈታው ወታደር፦ ስለ ዋርፎርጅድና ስለ ዘር ታሪክ አጻጻፍ

ሰሞኑን የራሳችሁን የጨዋታ ዓለም እየፈጠራችሁ «ይቺን የዘር ታሪክ እስኪ እያት» እያላችሁ የምትልኩልኝ ጽሑፍ በዝቷል። ላኩ፣ አነባለሁ። ግን አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ኤልፎቹ ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ከሰማይ ወረዱ፣ እገሌ ነገሠ፣ እሱ ሲሞት ልጁ ነገሠ፣ ቁመታቸው ይህን ያህል፣ ዕድሜያቸው ያን ያህል። ዜና መዋዕል ነው። ማታ ጨዋታው ሲጀመር ተጫዋቹ ዳይሱን ጨብጦ «እሺ፣ እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?» ቢል ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ መልስ አያገኝም።

በወሬ ከማስረዳ አንድ በደንብ የተሠራ ዘር ላሳያችሁ። ዋርፎርጅድን።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው የሚና ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሚመረጡት ዘሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሰው፣ ድዋርፍ፣ ኤልፍ፣ ሆቢት። የመጨረሻው ከደራሲው ቶልኪን የተወሰደ ስለነበር የመብት ጥያቄ ሲነሳ ስሙ ሃፍሊንግ ተባለና ቀጠለ። ስለ ታሪካቸው ብዙ የተጨነቀ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2002፣ የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አዲስ የጨዋታ ዓለም የሚያመጣለትን ሰው ፍለጋ ውድድር ከፈተ። ከ11,000 በላይ ሐሳብ ጎረፈ። ያሸነፈው የኪት ቤከር ኤበሮን ሲሆን መጽሐፉ በ2004 ታተመ። ዋርፎርጅድ ከዚያ የመጣ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮርቬር በምትባል አህጉር ጋሊፋር የሚባል ሰፊ መንግሥት ነበር። በዚያ ዓለም አቆጣጠር በ894 ንጉሥ ጃሮት ሲሞት ልጆቹ በአልጋው ተጣሉ። (የአልጋ ጠብ ለኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።) አምስቱ ግዛቶች ተለያይተው መቶ ዓመት ያህል ተፋጁ። ሰው ሲያልቅ ካኒዝ የሚባለው የባለእጆች ቤት ከእንጨት፣ ከድንጋይና ከብረት ወታደር መሥራት ጀመረ። በ965 ደግሞ የሚያስበው፣ የሚናገረው፣ የሚፈራው ዋርፎርጅድ ከምድጃው ወጣ። የካኒዝ ቤት ነጋዴ ነውና ለከፈለው ሁሉ ሸጠ። ከአንድ ምድጃ የወጡ ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ በተለያየ ባንዲራ ሥር ይተራረዱ ነበር።

በ994 ከአምስቱ አንዷ፣ ሳይር፣ በአንድ ቀን ጠፋች። የተረፈው ሞርንላንድ የሚባል በጭጋግ የታጠረ ምድረ በዳ ነው። ሌሎቹ ደንግጠው በ996 በትሮንሆልድ ውል ተፈራረሙ፤ ውሉም ስለ ዋርፎርጅድ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ነጻ ናቸው፤ ከእንግዲህ የማንም ንብረት አይደሉም። ሁለተኛ፣ የተሠሩባቸው ምድጃዎች ይፍረሱ።

እስኪ ይህን ቆም ብላችሁ እዩት። ነጻነቱንም የዘር መጥፋቱንም የሰጣቸው አንድ ወረቀት ነው። ዋርፎርጅድ አይወልድም። ምድጃው ከፈረሰ የሚተካ የለም፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸው። ጨዋታው የሚጀምረው በ998 ነው፤ አንጋፋው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ነጻ ከወጣ ሁለት ዓመቱ። እናት የለው፣ አገር የለው፣ የሚያውቀው ሥራ መግደል ብቻ፣ ጦርነቱ ደግሞ አልቋል። ትሬንና ካርናት በሚባሉት አገሮች ውሉ ተፈርሞም ቢሆን እንደ ገባር ጉልበታቸው ይበዘበዛል። ይህን ገጸ ባሕርይ የመረጠ ተጫዋች «ምን ላድርግ?» አይልም። ጥያቄው ገና ሲፈጠር አብሮት ተሠርቷል።

ስማቸውም ከዚሁ ይመጣል። ብዙዎቹ ከምድጃ ሲወጡ ቁጥር ወይም የሥራ መጠሪያ ነበራቸው፤ በኋላ አብረዋቸው የተዋጉ ወታደሮች ቅጽል አወጡላቸው። የኛ የፈረስ ስም ዓይነት ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደሚባሉት፣ ግን ሌላ ስም ከሥሩ የሌለው። ግንባራቸው ላይ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የማይደገም ምልክት አለ። ካኒዞች አስበው አልቀረጹትም፤ ራሱ ነው የሚወጣው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን ታሪኩ ወደ ጨዋታው ሕግ መግባቱ ነው። በ2004ቱ መጽሐፍ ካህኑ ዋርፎርጅድን በፈውስ ጸሎት ሲነካው የሚድነው ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ባለእጅ ይጠግነዋል። በአንድ መስመር ሕግ «ይህ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» የሚለው ክርክር ጠረጴዛው ላይ ዱብ ይላል፤ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ካህኑና አንጥረኛው አንድ ገላ ላይ ያጎነብሳሉ። በጠና ሲቆስልም እንደ ሌላው ደሙ እየፈሰሰ አይሞትም፤ የሚያነሣው እስኪመጣ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በ2019 በወጣው የኤበሮን መጽሐፍ የግማሽ ፈውሱ ሕግ የለም። ተጫዋች እንዳይጎዳ ነው፣ ይገባኛል። ለኔ ግን ከዘሩ የተሻለውን አጥንት አወጡበት።

የ2019ኙ መጽሐፍ ያቆየው ጥሩ ነገር አለ፦ አይበላም፣ አይጠጣም፣ እንቅልፍ አያስፈልገውም። ስድስት ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ያርፋል እንጂ ሁሉን ያያል፣ ይሰማል። ስለዚህ በየቡድኑ የሌሊት ዘብ እሱ ነው። በእኛ ጨዋታ ዋርፎርጅዱን የያዘው ልጅ ቀን ቀን ዝምተኛ ነበር፤ ጨዋታውን የሚመራው ጌም ማስተራችን አንድ ማታ «ሌሎቹ ተኝተዋል፣ አንተ ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አሰብ አደረገና «በጦርነቱ የገደልኳቸውን እየቆጠርኩ ነው፤ ግን የአንዳቸውንም ስም አላውቅም» አለ። ያ ዘመቻ ከዚያ ወዲያ ስም ፍለጋ ሆነ። ማንም አላቀደውም።

ደራሲው ያልጻፈውንም አስተውሉ። ሳይርን ያጠፋት ምንድን ነው? የኤበሮን መጻሕፍት ሆን ብለው አይመልሱም፤ ለየጌም ማስተሩ የተተወ ነው። ሞርንላንድ ውስጥ «የስለቶች ጌታ» የሚባል ዋርፎርጅድ ወገኖቹን እየሰበሰበ ነው፤ ነጻ አውጪ ነው ወይስ ሌላ ጦርነት ፈላጊ? በሻርን ከተማ ሥር ደግሞ ሜሪክስ የሚባል የካኒዝ ሰው ውሉን ጥሶ አንድ ምድጃ በድብቅ ያስነድዳል። ያንን ምድጃ ያገኘ ዋርፎርጅድ ያፈርሰዋል ወይስ ይጠብቀዋል? ያፈርሰው ካላችሁ ዘሩ ያልቃል። ይጠብቀው ካላችሁ አዳዲስ ዋርፎርጅዶች ለገበያ ይሠራሉ።

እንግዲህ የዘር ታሪክ የላካችሁልኝ ሰዎች፣ የነገሥታቱን ዝርዝር ለራሳችሁ አስቀምጡት። በግማሽ ገጽ ሦስት ነገር ጽፋችሁ መልሳችሁ ላኩልኝ፦ ይህ ዘር በቅርቡ ምን አጣ? ያጣው ነገር በየትኛው ሕግ ላይ ይታያል? ሆን ብላችሁ ሳትመልሱ የተዋችሁት ጥያቄስ የቱ ነው? እሑድ ማታ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ፤ ቻናሉ ላይ እንዲወጣ የማትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩኝ።