ሦስት ፔዳል፣ አንዱም ነዳጅ መስጫ ያልሆነ

መንዳት የሚችል ሰው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ሲቀመጥ ችሎታው ሁሉ ይከዳዋል። እግሩ ሥር ሦስት ፔዳሎች አሉ፤ አንዳቸውም ግን የሚጠብቀውን ሥራ አይሠሩም። የቀኙ ፍሬን ነው፣ የመሐሉ የኋላ ማርሽ። የግራው ፍሪሲዮን ይመስላል፤ እስከ ታች ሲረግጡት ግን መኪናዋ በትንሹ ማርሽ ወደ ፊት ትሄዳለች። ግማሽ ላይ ሲይዙት ሞተሩ ከጎማው ይላቀቃል፤ እግር ሲያነሱለት ትልቁ ማርሽ ይገባል። በጠቅላላው ሁለት የፊት ማርሽ ብቻ ነው ያላት።

ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ነው፤ ከመሪው ሥር በስተቀኝ ባለች ትንሽ ዘንግ። በስተግራ ያለችው አቻዋ ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ቅጽበት ታስቀድማለች ወይም ታዘገያለች። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራውን ይህን ሥራ ያን ጊዜ የሾፌሩ ግራ እጅ ይሠራው ነበር፤ ጆሮው እየሰማ፣ እጁ እያስተካከለ። ከግራ ጉልበቱ አጠገብ የቆመው ረጅሙ የእጅ ፍሬን ደግሞ ወደ ኋላ ሲሳብ የኋላ ጎማዎችን ይይዛል፣ ሞተሩንም ከጎማው ያላቅቃል። እሱ ወደ ፊት ካልተለቀቀ ትልቁ ማርሽ አይገባም።

ይህን ሁሉ በአንድ ወቅት ሚሊዮኖች ሳያስቡት ያደርጉት ነበር። ሞዴል ቲ ለገበያ የቀረበችው መስከረም 21 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት በዚያው አቆጣጠር እጽፋለሁ። እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አንድ ሙሉ ትውልድ መንዳት የተማረው በእሷ ነበር። ያ ትውልድ ሲያልፍ የእጅና የእግሩ ዕውቀት አብሮት ሊያልፍ ይገባው ነበር፤ አላለፈም። ያላለፈውም ሰብሳቢዎች፣ የጋራዥ ሰዎች፣ ጡረተኞችና የታሪክ አጥኚዎች ከአዛውንቶች አፍ እየሰሙ፣ ከአሮጌ ሰነድ እየመረመሩ፣ ያገኙትንም ለሌላው እያካፈሉ ስላቆዩት ነው። መኪናዋን ሳስተዋውቅ እነሱንም አብሬ ማስተዋወቄ ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ባየችበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በዲትሮይት ከተማ በፒኬት ጎዳና ካለው ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከልሎ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ጥቂት ሰዎችን ይዞ እዚያ ይሠራል፤ ከነሱ መካከል ከሃንጋሪ የመጣው ንድፍ አውጪ ዮሴፍ ጋላምብና የብረት ጉዳይ የሚገባው ሃሮልድ ዊልስ ይገኙበታል። ያን ጊዜ አውቶሞቢል በአብዛኛው የባለጸጋ መጫወቻ ነበር፤ የአሜሪካ ገጠር መንገድ ደግሞ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ስለዚህ መኪናዋ ቀላል፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ብትናጥም የማትሰበር መሆን ነበረባት። ቫናዲየም የተጨመረበት ብረት ክብደቷን ቀንሶ ጥንካሬዋን ጠበቀላት። ባሌስትራዎቿ እንደ ዛሬው በየጎማው አልተደረጉም፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ በአግድም ተዘርግተዋል። በዚህ የተነሣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አካሏ እየተጣመመ ያልፋል። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ የ20 ፈረስ ጉልበት ነው። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ላይ ተቀልጠው የፈሰሱ ናቸው፤ የላይኛው ክዳን ግን ተፈትቶ ይነሣል። ያን ጊዜ ብርቅ የነበረ ነገር ነው፤ ጥገናን ከፋብሪካ አውጥቶ ወደ ገበሬው ጓሮ ያወረደውም ይኸው ክዳን ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ብዙ ተጽፏል፤ በአጭሩ ልለፈው። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ሻንሲው በሠራተኞች ፊት እንዲያልፍ ሲደረግ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው መገጣጠም በወራት ውስጥ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሥራው አሰልቺ ስለነበር ሠራተኛው እየጣለ ይሄድ ጀመር፤ ፎርድም በ1914 የቀን ደመወዙን 5 ዶላር አደረሰ። ሲጀመር 850 ዶላር የነበረችው መኪና በ1925 እስከ 260 ዶላር ወርዳ ተሸጠች።

ወደ መኪናዋ ልመለስ፤ ማስነሣቷ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከፋብሪካ ስትወጣ የኤሌክትሪክ ማስነሻ አልነበራትም፤ ከ1919 ጀምሮ ነው የመጣው። ስለዚህ ማኖቬላ። ሾፌሩ መጀመሪያ የእሳቷን ዘንግ ያዘገያል፣ የነዳጇን ጥቂት ይከፍታል፣ የእጅ ፍሬኑን ይስባል። ወደ ፊት ዞሮ ከራዲያተሩ ሥር የምትወጣውን ሽቦ እየጎተተ ማኖቬላውን ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ሞተሩ ቤንዚን ይስባል። ከዚያ ቁልፉን ያበራል፤ በሾፌሩ ፊት ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩት አራት ቦቢናዎች ሞተሩ ሲዞር ተራ በተራ እንደ ንብ ይጮሃሉ። አሁን በግራ እጅ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ መሳብ ነው። በግራ እጅ፤ አውራ ጣትም ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ሆኖ እንጂ ማኖቬላውን ጨብጦ አይደለም። እሳቱ ቀድሞ ከተረጨ ሞተሩ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ በቀኝ እጁ ጨብጦ የያዘ ሰው ክንዱ ይሰበራል። በዚያ ዘመን በዚህ የተነሣ የተሰበረ ክንድ ብርቅ አልነበረም።

ብርድ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ካምቢዮው የሚጠመቅበት ዘይት ስለሚወፍር ሞተሩ ከጎማው ፈጽሞ አይላቀቅም፤ መኪናዋ እንደተነሣች ወደ አስነሺው ቀስ ብላ ትራመዳለች። የጊዜው ሰዎች መላ አበጁ፤ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያነሡታል፤ መኪናዋ ትነሣለች፣ ጎማው አየር ላይ ይዞራል፣ ዘይቱ ሲሞቅ ያወርዱታል። እንዲህ ያለው ነገር በመመሪያ መጽሐፍ ብቻ አይገኝም። አንድ አባት ለልጁ፣ ልጁም ካረጀ በኋላ ለማያውቀው አድናቂ የነገረው ነው።

ሌላም አለ። በአብዛኞቹ ቤንዚኑ ያለበት ጋን ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው፤ ፓምፕ የለም፤ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። ጋኑ እየጎደለ ዳገቱ ሲብስ ግን ካርቡራተሩ ከነዳጁ በላይ ይሆንና ሞተሩ ይጠፋል። መፍትሔው መኪናዋን አዙሮ ዳገቱን በኋላ ማርሽ መውጣት ነው፤ የኋላ ማርሹም ከሁሉ የበለጠ ጉልበት አለው። የነዳጅ መለኪያ የለም፤ መቀመጫውን አንሥቶ በእንጨት መለካት ነው። የዘይት መለኪያም የለም፤ ሞተሩ ሥር ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች አሉ፤ ከላይኛው ከፈሰሰ ዘይቱ ሞልቷል፣ ከታችኛውም ካልፈሰሰ ጉድ ፈልቷል። በ1915 የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ሲመጣ ኃይሉን የሚያገኘው በሞተሩ መዞር ብቻ ነበርና፣ መኪናዋ ስትዘገይ መብራቱ ይደክማል። በጨለማ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይበልጥ ለማየት ሞተሩን ማስጮህ የግድ ነበር።

ገበሬው ይህን ሁሉ ታገሠ፤ መኪናዋ ከመንገድ ውጭም ታገለግለው ነበርና። የኋላውን አንሥቶ ጎማው ላይ ቺንጋ ያጠልቅና እንጨት ይሰነጥቅባታል፣ እህል ያስፈጭባታል፣ ውኃ ይስብባታል። ስትበላሽ የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ያበጃታል። ባለቤትነት ያን ጊዜ ማወቅ ማለትም ነበር። ዛሬ ኮፈኑን ከፍተን የፕላስቲክ ሽፋን የምናይ ሰዎች፣ በዚህ ረገድ ከዚያ ገበሬ ያነስን ይመስለኛል።

መኪናዋ መሠራት ካቆመች በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሚፈልጋት አልነበረም። ብዙዎቹ በየማሳው ዳር ዛጉ፣ ብዙዎቹ ለብረታቸው ቀለጡ። የሚወዷት ግን መሰባሰብ ጀመሩ። በ1952 ዓለም አቀፉ የሞዴል ቲ ፎርድ ክለብ፣ በ1965 ደግሞ የአሜሪካው የሞዴል ቲ ፎርድ ክለብ ተቋቋሙ። ሰዎቹ የጀመሩት ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው፤ ይህች የያዝኳት መኪና መቼ ተሠራች? መልሱ ግን ቀላል አልነበረም። ፋብሪካው በየወሩ አንድ ነገር ይለውጥ ነበር፤ አሮጌው ዕቃ እስኪያልቅ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይገጠም ነበር፤ ከዚያም ባለቤቶቹ ለአሠርት ዓመታት ከአንዷ ፈትተው ለሌላዋ ገጥመዋል። ስለዚህ የሞተሩ ቁጥር፣ ብረቱ ሲፈስ የተቀረጸበት ቀን፣ የመብራቱ ቅርጽ፣ የበሩ እጀታ እያንዳንዱ ማስረጃ ሆነ። ከአሜሪካው ክለብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብሩስ ማካሊ የፎርድ ድርጅትን የቆዩ መዝገቦች መርምሮ፣ ከየመኪናው ጋር አስተያይቶ ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ዛሬም አድናቂዎች ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን ነው።

እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ የተለመዱ ወሬዎችን አርሟል። ሞዴል ቲ ሁልጊዜ ጥቁር ነበረች ይባላል። አልነበረችም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀይ፣ ግራጫና አረንጓዴ ነበሩ፤ ጥቁር ብቻ የሆነችው ከ1914 እስከ 1925 ነው፤ በ1926 ቀለሙ ተመለሰ። የመጀመሪያዎቹ 2,500 ያህል መኪኖች ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በውኃ ፓምፕ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ቀርቶ የሞቀ ውኃ በራሱ ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች እንዲዞር ተደረገ። ከነዚያም የመጀመሪያዎቹ 800 ገደማ ባለ ሁለት ፔዳልና ባለ ሁለት የእጅ ዘንግ ነበሩ። ዛሬ ከነዚህ አንዷን ያገኘ ሰው ደስታው ወሰን የለውም።

ዕውቀቱ ሕይወትም ያድናል። የእግር ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን አይደለም፤ ካምቢዮውን ነው። በአሮጌዎቹ መኪኖች ዲፈረንሻል ውስጥ ከለስላሳ ነጭ ብረት የተሠሩ ራንዴላዎች አሉ፤ ከዘመን ብዛት ይፈረካከሳሉ። ያኔ ጥርሶቹ ይላቀቃሉ፤ ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ቢረግጥ ካምቢዮው ይቆማል እንጂ መኪናዋ አትቆምም። ስለዚህ ልምድ ያለው አድናቂ አዲስ ገዢን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ወንበሩ አይደለም፤ ዲፈረንሻሉ ተከፍቶ ራንዴላዎቹ በነሐስ መለወጣቸውን ነው።

እኔን በዚህ ነገር ቅናት የሚይዘኝ አገሬን ሳስብ ነው። ከጣሊያን ወረራ የቀሩትን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች በሊማሊሞና በጣርማ በር ያመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች ነበሩን፤ ቮልስዋገንን በድምፅዋ ብቻ የሚመረምሩ መካኒኮች አሁንም አሉን። የነሱ ዕውቀት ከዚህ አያንስም። የአሜሪካኖቹ ብልጫ አንድ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ጻፉት።

የሞዴል ቲ ፍቅር እስከ የት እንደሚሄድ ስኮትላንድ ምስክር ናት። በ1911 ሄንሪ አሌክሳንደር የተባለ፣ የኤዲንብራ መኪና ሻጭ ልጅ፣ 1,345 ሜትር ከፍታ ባለው ቤን ኔቪስ ተራራ ጫፍ ላይ ሞዴል ቲ ይዞ ወጣ፤ በረግረግና በድንጋይ መካከል አምስት ቀን ፈጀበት። ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2011፣ አድናቂዎች አንዲት ሞዴል ቲ ፈታተው፣ ብረቱን በሰው ትከሻ ተሸክመው እዚያው ጫፍ ላይ አድርሰው ገጠሟት። ማንም አላዘዛቸውም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህችን መኪና ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። የፒኬቱ ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ዲርቦርን ባለው ግሪንፊልድ መንደር ደግሞ ተሳፍሮ መዞር ይቻላል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ፣ በዚያው በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ሂኮሪ ኮርነርስ ያለው የጊልሞር የመኪና ሙዚየም ሞዴል ቲ መንዳት ያስተምራል። ታሪኳ ይነገራል፣ አነሣሷ ይታያል፣ ከዚያ ተማሪው በሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ራሱ ይነዳል። የሚያስቸግረው ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ለመቆም ሲፈልግ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን የረገጠ እየመሰለው እስከ ታች ይጫናል፤ መኪናዋ ግን በትንሹ ማርሽ ወደ ፊት ትሄዳለች። አዲስ ሰው የሚማረው ግራ እግሩን ግማሽ ላይ አቁሞ በቀኙ ፍሬኑን መርገጥ ነው።