ወደ አልፕስ ተራሮች የሚሄድ ጎብኚ ምን ይመልከት?

የአልፕስ ተራሮች ከሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ ተነሥተው፣ እንደ ቀስት ጎብጠው፣ ፈረንሳይን፣ ኢጣሊያንና ስዊዘርላንድን እያዋሰኑ እስከ ኦስትሪያና እስከ ስሎቬኒያ ድረስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጉ የአውሮፓ ታላላቅ ተራሮች ናቸው። ከሁሉም ከፍ የሚለው ሞን ብላን ከባሕር ወለል በላይ 4,800 ሜትር ያህል ይደርሳል። በሸለቆዎቹ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ በጥንት ዘመን ወደ ጫፋቸው ለመውጣት አይደፍርም ነበር። በረዶ የማይለየው ከፍታ የዘንዶና የርኩሳን መናፍስት መኖሪያ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ መንገደኛ በመካከላቸው የሚያልፈው ጉዳይ ሲያስገድደው ብቻ ነበር። ሰው ለዕረፍትና ለደስታ ብሎ ወደዚያ መሄድ የጀመረው ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ዛሬ ግን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጎብኚ ይጎርፍበታል።

ከዚህ ሁሉ ጎብኚ አብዛኛው አይቶ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በባቡር ይወጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ትኩስ ነገር ይጠጣል፤ በዚያው ቀን ይወርዳል። ተራሮቹን በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ግን አንድ አካባቢ መርጦ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ ይሻለዋል። ለዚህ በደቡብ ስዊዘርላንድ የሚገኘው የቫሌ ክፍለ አገር እጅግ የተመቸ ነው። ጊዜው ደግሞ በጋው ቢሆን ይመረጣል። የአውሮፓ በጋ በኢትዮጵያ ክረምቱ ከሚገባበት ወቅት ጋር አንድ ስለሆነ፣ እዚህ ገበሬው ጭቃ ረግጦ በሚያርስበት ወራት እዚያ መንገዱ ይደርቃል፤ መስኩም በአበባ ይሸፈናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደጋ አገር ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሚያስገርመው ከፍታው አይደለም። ማተርሆርን በተባለው ስመ ጥር ተራራ ግርጌ የምትገኘው ዜርማት ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ማተርሆርን ራሱ 4,478 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ይበልጠዋል። ሆኖም በራስ ዳሸን ላይ የሚወርደው በረዶ ሰንብቶ ሲቀልጥ፣ በአልፕስ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ስፍራ በብዙ ቦታ በረዶው ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ምክንያቱም ሰሜን ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ የቀረበ ስለሆነ የፀሐይ ጨረር ከአናት በላይ ሲያርፍበት፣ አልፕስ ግን ወደ ሰሜን ርቆ በመገኘቱ ጨረሩ አግድም ስለሚደርሰው ነው።

በዜርማት ያደረ ጎብኚ ማልዶ ሊነሣ ይገባል። ሸለቆው ገና በጨለማ ተውጦ ሳለ፣ የማተርሆርን ጫፍ ብቻውን እንደ ፍም ይቀላል። ቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ወርቅነት፣ ከዚያም ወደ ነጭነት ይለወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ደመና ከሸፈነው ደግሞ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያደረ ሰው ሳያየው ሊሄድ ይችላል።

ይህ ውብ ተራራ የብዙ ሰው ሕይወት ያጠፋ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከጫፉ ላይ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው ጁላይ 14 ቀን 1865 ነው። የእንግሊዝ አገር ሰው የነበረው ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ጓደኞቹ በድል ወጥተው በአንድ ገመድ እንደ ተያያዙ ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው ልምድ የጎደለው ወጣት አዳለጠው፤ ከፊቱ የነበረውንም ይዞት ወደቀ። ገመዱ ሁለት ተጨማሪ ሰዎች ጎትቶ ከመካከል ሲበጠስ፣ አራቱ በገደሉ ቁልቁል ሄዱ፤ ሦስቱ ተረፉ። በዚያን ጊዜ ገመዱን ሆን ብሎ የቆረጠው ሰው አለ የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ በምርመራው ግን ማንም ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። የተበጠሰው ገመድ ዛሬም በዜርማት ቤተ መዘክር ይታያል። ቀጭን ነው። ከሩቅ ያዩት ሰዎች የልብስ ማስጫ ገመድ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። በዚያችው ከተማ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በተራራው ላይ የሞቱ ሰዎች መካነ መቃብር አለ፤ ከፎቶግራፍ ይልቅ ይህን አይቶ የሚመለስ ሰው ስለ ተራራው የበለጠ ያውቃል።

በከፍተኛው ገደል ላይ ታግሦ የተመለከተ ጎብኚ የአልፕስን የዱር ፍየል ሊያይ ይችላል። ይህ እንስሳ የሰሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የቆለመመ፣ ጉጥ ጉጥ ያለበት ትልቅ ቀንድ አለው፤ ሰው ይቆምበታል ተብሎ በማይታሰብ ገደል ላይ ያለ ጭንቀት ይራመዳል። ቀንዱና ደሙ መድኃኒት ናቸው ተብሎ ስለ ተገመተ ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ርኅራኄ ታድኖ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዓለም ላይ የቀረው በኢጣሊያ ግራን ፓራዲሶ ተራራ የሚገኝ አንድ መቶ ያህል ብቻ ነበር። በ1856 የሳርዲኒያው ንጉሥ ቪቶሪዮ አማኑኤል 2ኛ ስፍራውን የራሳቸው የአደን ክልል አድርገው በዘበኛ አስጠበቁት። ንጉሡ ይህን ያደረጉት ለራሳቸው አደን ነበር፤ ነገር ግን ዘሩ ተረፈ። ስዊዘርላንድ ጥቂት ግልገሎች እንዲሸጡላት ብትጠይቅ ስለ ተከለከለች፣ ከ1906 ጀምሮ ግልገሎች በኮንትሮባንድ ድንበር ተሻግረው ገቡላት። በ1911 የመጀመሪያዎቹ ወደ ተራራ ተለቀቁ። ዛሬ በአልፕስ ውስጥ የሚኖሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ፍየሎች ሁሉ የእነዚያ የመቶዎቹ ዝርያ ናቸው።

የአገሬው ሰው «አልፕ» ሲል የሚያስበው ጫፉን ሳይሆን፣ ከደኑ በላይ ያለውን የግጦሽ መስክ ነው። በጋ ሲገባ የመንደሩ ከብት ተሰብስቦ በአንገቱ ቃጭል እየጮኸ ወደዚያ ይወጣል፤ እረኞቹም ከመስኩ ጎጆ ሰፍረው ወተቱን በትልቅ የመዳብ ድስት እያሞቁ ፎርማጆ ይሠራሉ። በቫሌ የሚረቡት እግረ አጫጭር ጥቋቁር ላሞች አንድ ልዩ ጠባይ አላቸው። መስኩ ላይ የወጡ ዕለት ቀንድ ለቀንድ ገጥመው ይታገላሉ፤ የተሸነፈችው ዞራ ትሄዳለች፤ ሁሉን ያሸነፈችው «ንግሥት» ተብላ መንጋውን ትመራለች። የባለቤቷም ኩራት ከላሟ አያንስም።

የቫሌ ሸለቆ በተራሮች መካከል ተሸሽጎ ስለሚገኝ ዝናብ አጠር ነው። ገበሬው ሜዳውንና የወይን እርሻውን የሚያጠጣው ከበረዶ በሚቀልጥ ውሃ ነው። ለዚህም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በገደል ወገብ ላይ ቦይ ቆፍሯል፤ ድንጋዩ አልቆፈር ባለበት ስፍራ ከእንጨት የተፈለፈለ ገንዳ ከገደሉ ላይ አንጠልጥሎ ውሃውን አሳልፏል። የውሃው ተራ የየማን እንደሆነ በእንጨት ላይ በተቀረጸ ምልክት ይታወቅ ነበር። ከእነዚህ ቦዮች ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ በጠርዛቸውም የእግር መንገድ አለ። ውሃው በአንድ በኩል እየተንሾካሾከ፣ በሌላው በኩል ገደሉ አፉን ከፍቶ፣ በዚያ መንገድ ግማሽ ቀን መሄድ ከብዙ የባቡር ጉዞ ይበልጣል።

ከባቡሮቹ ሁሉ የሚደነቀው በሰሜን በኩል ወደ ዩንግፍራውዮኽ የሚወጣው ነው። ከ1896 እስከ 1912 ድረስ 16 ዓመት የፈጀው ይህ ሐዲድ፣ ከ9 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ 7ቱን ያህል የሚሄደው ተራራ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ነው። መጨረሻው 3,454 ሜትር ላይ ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ደቡብ ለተመለከተ ሰው ከፊቱ የሚታየው ሰፊ ነጭ መስክ የአሌች ግግር በረዶ መነሻ ነው።

ግግር በረዶ እንደ ኩሬ ውርጭ ረግቶ የቆመ አይደለም፤ የሚሄድ ነገር ነው። እንደ ባዘቶ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ ሳይቀልጥ የሚቀጥለው ዓመት በረዶ ይጫነዋል፤ ክብደቱ አየሩን እየጨመቀ ያስወጣዋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰማያዊ መልክ ያለው ደረቅ በረዶ ይሆንና በራሱ ክብደት ወደ ቁልቁለቱ ይፈስሳል። አሌች 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በአልፕስ ውስጥ የሚተካከለው የለም። ጥልቀቱ በወፍራሙ ስፍራ 800 ሜትር ያህል ነው። ከላይ ሲያዩት በጀርባው ላይ እንደ ጎዳና የተሰመሩ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች አሉት። መስመሮቹ በረዶው ከየተራራው ጥግ እየፋቀ ያመጣው ድንጋይ ናቸው፤ ገባር ግግር በረዶዎች ከዋናው ጋር ሲገናኙ የየዳራቸው ድንጋይ መካከል ላይ ይቀራል።

በበረዶው ላይ በእግር መሄድ ከአልፕስ ጉዞ ሁሉ የማይረሳው ነው፤ ነገር ግን ያለ መንገድ መሪና ያለ ገመድ ማንም ሊሞክረው አይገባም። ላዩን በስስ በረዶ የተሸፈነ ጥልቅ ስንጥቅ ይገኝበታልና። በ1926 ከሎቸንታል ሸለቆ የሆኑ ሦስት ወንድማማቾች በአሌች ላይ እንደ ወጡ ሳይመለሱ ቀሩ። ዐፅማቸው የተገኘው በረዶው ተሸክሞ ወደ ታች ካወረደው በኋላ፣ በ2012 ነበር።

ከግግር በረዶው በታች የሚኖሩት የፊሽ መንደር ሰዎች ታሪክም ሊነገር ይገባዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት በረዶው እየገፋ በመምጣቱና በረዶው የገደበው ውሃ እየጣሰ መንደራቸውን በማጥለቅለቁ፣ በ1678 በረዶው እንዳይገፋባቸው ለእግዚአብሔር ስእለት ተሳሉ፤ በየዓመቱም ምህላ ይዘው ይዞሩ ነበር። ዘመን ተለወጠና አየሩ ሞቀ። አሌች ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ አጠረ። መንደርተኞቹ ምህላቸው ከሚገባው በላይ የተሰማ መሰላቸው። ስለዚህ ስእለታቸው እንዲለወጥላቸው ወደ ሮም አመለከቱ፤ በ2010 ተፈቀደላቸው። አሁን የሚማለዱት በረዶው እንዳይጠፋ ነው።

ጥፋቱም በመንደር የሚቀር አይደለም። በ2022 እና በ2023፣ በሁለት ዓመት ብቻ፣ የስዊዘርላንድ ግግር በረዶዎች ከመጠናቸው አንድ አሥረኛውን አጥተዋል። ሦስቱ ወንድማማቾች በተወለዱበት በሎቸንታል ሸለቆ ደግሞ በሜይ 2025 ከተራራ የተናደ አለት የቢርች ግግር በረዶን ይዞት ወረደና የብላተንን መንደር ከሞላ ጎደል ቀበረው። ባለሙያዎች አስቀድመው አስጠንቅቀው ስለ ነበር፣ 300 የሚያህሉት ነዋሪዎች ከነከብታቸው ቀደም ብለው ወጥተዋል፤ አንድ ሰው ግን ሞቷል። መንደሩን ለዓመታት በጎበኙት ሰዎች ፎቶግራፍ ውስጥ ከፀሐይ የጠቆሩ የእንጨት ቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብና የአበባ መደቦች ይታያሉ።

በአሌች ላይ የሚሄድ ጎብኚ የሚያድረው ኮንኮርዲያ በተባለው የተራራ ጎጆ ነው። ጎጆው የቆመው ገባር ግግር በረዶዎች ከሚገናኙበት ሜዳ በላይ በገደል ላይ ነው። ማታ የመጣው ሁሉ በአንድ ገበታ ዙሪያ ሾርባ ይበላል፤ በተደረደረ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ይተኛል፤ ወደ ጫፍ የሚወጡት ገና በሌሊት ይነሣሉ። በሌሊት ከደጃፉ የቆመ ሰው ከታች በረዶው ሲሰነጠቅ የሚያሰማውን ድምፅ ይሰማል። ጎጆው በ1877 ሲሠራ ከበረዶው በላይ የነበረው 50 ሜትር ያህል ነበር፤ እንግዳ ከበረዶው ወጥቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ይደርስበት ነበር። ዛሬ ግን ጓዙን በጀርባው አዝሎ፣ የብረቱን መደገፊያ ጨብጦ፣ በገደሉ ላይ የተሰካውን ከ400 በላይ ደረጃ መውጣት አለበት። በረዶው ዝቅ ባለ ቁጥር ከሥር አዲስ ደረጃ ይቀጠላል።