ከአንገት እስከ ልብ ደጃፍ

ከባድ የአከርካሪ አጥንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታማሚ ከሰመመን ሲነቃ በአንገቱ ጎን ተሰፍቶ የሚያገኘው፣ በሐኪሞች ዘንድ ሴንትራል ላይን የሚባለው ቱቦ፣ በክንድ ላይ ከሚተከለው የግሉኮስ ቱቦ የሚለየው በርዝመቱና በመድረሻው ነው። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ ደምን ወደ ልብ በሚወስደው ትልቅ ደም መልስ ሥር ገብቶ ጫፉ ልብ ደጃፍ ላይ ያርፋል። የሚገባውም ስዊድናዊው የራጅ ሐኪም ስቨን ኢቫር ሴልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ባስተዋወቁት ዘዴ ነው፦ መርፌው ሥሩን ሲያገኝ ቀጭን ሽቦ በውስጡ ይሰደዳል፣ መርፌው ይወጣል፣ ቱቦው ሽቦውን ተከትሎ ይገባል፣ በመጨረሻም ሽቦው ይመዘዛል።

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የሚሠራው በትልልቅ ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ በወሎ ካሉት ከመካነ ሰላም፣ ከሳይንት ወይም ከለጋምቦ የተነሣ ታማሚ ቱቦውን የሚተዋወቀው ከአገሩ ርቆ ነው። የቲቢ ተህዋስ አከርካሪያቸውን በልቶ ክፉኛ ካጎበጣቸው ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎች፣ ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ላይ እየመረመሩ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በላኳቸው መሠረት፣ ጋና ድረስ ሄደው በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይና በባልደረቦቻቸው ታክመዋል።

ቱቦው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፦ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ታማሚው ለሰዓታት በሆዱ ተኝቶ ብዙ ደም ሊፈሰው ስለሚችልና የደም ግፊቱ ከወረደ ሕብለ ሰረሰሩ፣ ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ደም አጥቶ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ግፊት የሚያነሡ መድኃኒቶች ሳይቆራረጡ መግባት አለባቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ ከክንድ ቀጭን ሥር ሾልከው ቢፈሱ ሥጋን እስከ መግደል ስለሚደርሱ በዚህ ቱቦ በኩል ወደ ትልቁ ሥር ይሰጣሉ።

ቱቦው ብዙ ጊዜ የሚገባው ታማሚው ከደነዘዘ በኋላ ስለሆነ የመርፌው ሕመም አይታወስም፤ የሚታወሰው ከነቁ በኋላ ያለው የፕላስተሩ መሳብና አንገትን እንደልብ ማዞር አለመቻል ነው። አንገት ደግሞ ለወሎ ሰው ማተብም ክታብም የሚታሰርበት ቦታ ስለሆነ፣ ማተቡ ወይም ክታቡ ወዴት እንደሚዛወር ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከታማሚው ጋር መነጋገር ይገባል፤ ያልተነገረው ሰው ነቅቶ ባዶ አንገቱን ሲዳብስ ከቱቦው ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ሊሆን ይችላል። ጀርም በቱቦው በኩል በቀጥታ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችልም፣ አንገት አቅፎ የሚስም ጠያቂና ፕላስተሩን የሚያረጥብ ጠበል፣ ቅንነታቸው ሳይካድ፣ ቱቦው እስኪወጣ መታገሥ አለባቸው።

በሚወጣበት ጊዜ ታማሚው በጀርባው ተንጋሎ ትንፋሹን እንዲይዝ ይታዘዛል፤ ቁጭ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ቢስብ ክፍት በቀረው ቀዳዳ አየር ወደ ልብ ሊገባ ይችላልና። ከዚያም ነርሷ ቀዳዳውን በጎዝ ለደቂቃዎች ተጭና አየር በማያስተላልፍ ፕላስተር ትሸፍነዋለች፤ ታማሚውም ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነሣ ይቆያል።