የወባን በር የሚያሳይ ብርሃን

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ የተገኘ ሰው፥ ከዚያ ሁሉ የአገው ፈረስ መካከል የወዳጁን ፈረስ በምን ይለየዋል? ከሩቅ ሲያዩት ዳማው ከዳማ፥ ቡላው ከቡላ ይመሳሰላል፤ ቀይ ግላስ የለበሰውን ግን አቧራው እንኳ አይሰውረውም። አንባቢዎቼ ሆይ፤ የዘመናችን የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ለዓይን የማይታየውን ፕሮቲን የሚከተሉት እንዲሁ ጌጥ አልብሰው ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ወደ ጃዊ ቆላ ለሥራ የወረደ ሰው ወባ ይዞት ሊመለስ ይችላል። በአገራችን ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳምመው ቫይቫክስ የተባለው ወባ ነው፤ እርሱም በጉበት ውስጥ አድፍጦ ስለሚቆይ፥ ሰውየው ከወራት በኋላ ዳንግላ ቢሮው ተቀምጦ መዝገብ ሲያገላብጥ ድንገት ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ይህ ወባ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባበት ዋናው በር ዳፊ የተባለ የሰው ፕሮቲን ነው።

በሩን በሕዋስ ላይ ለማየት ፕላዝሚድ ይረዳል። ፕላዝሚድ በባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ የዲ ኤን ኤ ቀለበት ነው። ቀለበቱን ቆርጠው የዳፊን ዘረ መል ይከቱበታል፤ ከፊቱ «ይህን አንብብ» ብሎ ሕዋሱን የሚያዝ ቁራጭ ያኖራሉ፤ ከመጨረሻው ላይ «አቁም» የሚለውን ምልክት አንሥተው ጄሊፊሽ የሚባለውን የባሕር ፍጡር የብርሃን ዘረ መል ይቀጥሉበታል። ከዚያ ቀለበቱን በባክቴሪያ አራብተው፥ በሳሕን ላይ ለሚያድጉ ሕዋሳት ይሰጧቸዋል። በአንድ ሁለት ቀን ሕዋሱ ዳፊን ከነጌጡ ይሠራል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል፤ በሩ ከሕዋሱ ቆዳ ደርሶ እንደ ሆነ ወይም ከውስጥ ቀርቶ እንደ ሆነ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አረንጓዴውን ፕሮቲን ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ እ.ኤ.አ. በ1962 አገኘው፤ ማርቲን ቻልፊ በ1994 በሌላ ፍጡር ውስጥ አበራው፤ ከሮጀር ቺየን ጋር ሦስቱም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጌጡ ግን ቀላል አይደለም። ዳፊ 336 አሚኖ አሲድ ሲኖረው ጌጡ ብቻውን 238 አለው፤ ግላስ የከበደበት ፈረስ እንደ ልቡ እንደማይጋልብ፥ ጌጥ የከበደበት ፕሮቲንም ሥራው ሊሰናከል ስለሚችል፥ ጠንቃቃ ተመራማሪ ያለ ጌጥም ይፈትነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የሌለው ሰው ቫይቫክስ አይዘውም ብለው ጽፈው ነበር፤ በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ዳፊ የላቸውም ከተባሉትም ቫይቫክስ የተገኘባቸው አሉ። የእነርሱ ዘረ መል አልጠፋም፤ የተበላሸው ከፊቱ ያለው ትእዛዝ ነው፥ ያውም በአንዲት ፊደል። በቅርብ ዓመታት እንደ ታየው፥ በመቅን ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ባለው ሕዋሳቸው ላይ በሩ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመ የኦክስፎርድ ሙከራ፥ ይህን በር የሚይዘውን የወባውን ፕሮቲን የሚከላከል ክትባት የቫይቫክስን መራባት በግማሽ ያህል አዘገየው፤ ፈጽሞ ግን አላገደውም።