የአጎበር ዕድሜ በቡልቡላ አካባቢ

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ባቱንና አዳሚ ቱሉን ካለፈ በኋላ ቡልቡላ ይደርሳል። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚፈሰው ወንዝ ስሙ ከከተማዪቱ ጋር አንድ ነው። ውሃው ለከብቱም ለመስኖውም ሲሳይ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን የወባ ትንኝም አብራ ትመጣለች።

የሕክምና ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአዲስ አበባውን ትልቅ ሆስፒታልና ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሐኪም ነው። ሆስፒታሉ ግን የሚያየው በሽታው የጠናበትን ሰው ብቻ ነው። ትኩሳት ይዞት ከቤቱ የተኛውን፣ አጎበሩ የተቀደደበትን የምታውቀው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

ከ2007 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ቡልቡላ በምትገኝበት በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ፣ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ ባሉ ቀበሌዎች፣ አንድ ሰፊ ጥናት አካሂደው ነበር። 176 መንደሮች በዕጣ ከአራት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል አጎበርም የቤት ውስጥ ርጭትም፣ ሁለተኛው አጎበር ብቻ፣ ሦስተኛው ርጭት ብቻ አገኘ፤ አራተኛው በተለመደው አገልግሎት ቆየ። ከ34,000 የሚበልጥ ሕዝብ በየሳምንቱ በየቤቱ እየተጎበኘ፣ ትኩሳት ያለበት ሁሉ በጤና ኬላው ደሙ ተመረመረ። በትንሽ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛና በመዝገብ የሚሠራ ምርምር መሆኑ ነው።

ውጤቱ ብዙዎች እንደጠበቁት አልሆነም። አጎበርና ርጭት በአንድነት ያገኙት መንደሮች ከሌሎቹ ይልቅ ከወባ ዳኑ ለማለት የሚያስችል ልዩነት አልታየም። አጎበሮቹም በየቤቱ ክትትል ሲደረግባቸው፣ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ ተብለው ከታደሉት ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ገደማ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ተገኙ። ከጭስና ከመኝታው ሸካራነት ጋር የሚውለውን አጎበር የፋብሪካ ላቦራቶሪ ከየት ያውቀዋል?

ይህ ቁጥር ለዕቅድ ሰነድ አዘጋጅ ወጣት ሹም ቀላል ነገር አይደለም። ዕደላው በሦስት ዓመት አንዴ ከሆነ፣ የቀረውን ጊዜ ቤተ ሰቡ በምን ይከለላል? ደግሞም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ጋር ክትባቱን፣ የእናቶችን ክትትልና የመጸዳጃ ቤት ምክሩን የተሸከመችው ሠራተኛ የጥናት ቅጽ ሲጨመርባት፣ ጊዜዋ አስቀድሞ ተቆጥሮ አበል ሊታሰብላት ይገባል። የጥናቱ ውጤትም በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ከመቅረቱ ይልቅ ደሙን የሰጠው ገበሬ በኦሮምኛ ሊሰማው፣ በጤና ኬላውም ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይገባል እንላለን።